በአዳማ ሙቀት ብርቱካናማ መኝታ ቤት

«ለናዝሬት ሙቀት ደግሞ ብርቱካናማ?» ያላለኝ የለም። አከራዬ ሳይቀሩ «ልጄ፣ ኋላ እንዳትቃጠዪ» ብለው ሳቁብኝ። ግን ከውስጥ የተቀባ ቀለም ክፍል አያሞቅም። የሚያሞቀን ቆርቆሮው ነው፤ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ መስኮት የሚገባው ፀሐይም ይጨመርበታል። ቀለም የሚያሞቀው ዓይንን ነው። እኔም የፈለግኩት እሱን ነበር፤ የኪራይ ቤት ክሬም ግድግዳ አንገሽግሾኛል።

ብርቱካናማ ሲባል ታዲያ ሁሉም አንድ አይደለም። ደማቁን፣ የፋንታውን ዓይነት ለመኝታ ቤት አልመክርም። እኔ ወደ ሸክላ የሚያደላውን፣ ደብዘዝ ያለውን ነው የመረጥኩት። እሱንም ያስቀባሁት የራስጌውን ግድግዳ ብቻ ነው። ጠባብ ክፍል አራቱም ግድግዳ ብርቱካናማ ከሆነ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየነጠረ ቀለሙን ያባብሰዋል። ጣሪያው፣ አንሶላው፣ የሰው ፊት ሳይቀር ይቀላል። ሦስቱን ነጭ አስደረግኳቸው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ካርቶኑ ነው። ሱቅ ውስጥ በሚያሳዩት ትንሽዬ ወረቀት ቀለም አይመረጥም። ከትንሹ ጣሳ ገዝቼ ሰፋ ያለ ካርቶን ሁለት እጅ ቀባሁና አልጋው ራስጌ ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ረጋ ያለ ነው። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይዋ በቀጥታ ስታርፍበት ይንቦገቦጋል። ማታ ግን ነጩ አምፖል ሲበራ ጉድ ሆነ፤ ያ ሁሉ ሙቀት ጠፍቶ ቡኒ ነገር ሆኖ ቁጭ አለ። የአምፖሉ ማሸጊያ ላይ 6500 ኬልቪን ይላል፤ ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም የሚነግር ቁጥር ነው። በቢጫው፣ 3000 ኬልቪን በሚለው ቀየርኩት። ወዲያው ነፍስ ዘራ። መኝታ ቤት በአብዛኛው የምናየው በመብራት ነው፤ ስለዚህ ከቀለሙ በፊት አምፖሉን ግዙ።

ቀቢው ጎበዝ ልጅ ነው፣ ወሬውም አይጠገብም። «እህቴ፣ ይሄማ ሆቴል ሆነ» ይለኛል፤ የአዳማ ልጅ ምን ያድርግ! ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አሮጌ ዘይት ቀለም ነበረው። በዚያ ላይ ውሃ ቀለም ዝም ብሎ ቢቀባ ይላጣል፤ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮ ዘይት ቀለሞች፣ በተለይ ቢጫና ብርቱካናማዎቹ፣ ብዙ ጊዜ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነበረባቸው። ዛሬ በአገራችን ሕግ የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን በሚሊዮን 90 ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ቀለም መቼ እንደተቀባ ግን ማን ያውቃል? በውሃ እያረጠበ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ፋቀው። የጎረቤት ልጆች እንዳይገቡ በሩን ዘጋን፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ።

ብርቱካናማ የታችኛውን ቀለም ቶሎ አይሸፍንም። ስለዚህ ከሥር የሚቀባው ነጭ ላይ ትንሽ ማቅለሚያ ጠብ አደረግንበት፤ ከዚያ በላይ ሁለት እጅ በቃው። ለሁለቱም እጅ የሚበቃውን በአንድ ባልዲ አስበጠበጥኩ፤ በእጅ የተበጠበጠ ቀለም ሁለተኛ አንድ ዓይነት አይመጣም። እርጥቡን አይቶ «ፈዘዘ፣ እንጨምርበት» ሲለኝ «እስኪደርቅ ቆይ» አልኩት። ውሃ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል። እንደዚያው ሆነ። የተረፈውን በማሰሮ ሳይሆን ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ አስቀምጫለሁ፤ አልጋው ግድግዳውን እየፋቀ ማስቸገሩ አይቀርም።

አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ ብቻ ነው ያለው፤ ከግድግዳው ጋር በጣም ይሄዳል። የቸገረኝ መጋረጃው ነው። ሰማያዊ ከብርቱካናማ ጋር ያምራል፣ ግን ደማቁ ሰማያዊ ይፋለመዋል። ጠቆር ያለውን እየፈለግኩ ነው። እስካሁን ገበያ ላይ ያየሁት ሁሉ ወይ አበባ አለበት ወይ ያብረቀርቃል።