ዓሣው ሌሊትም እዚያው ነው

ከኃይል ማመንጫ ግድብ በታች የዓሣ መኖሪያ ስንለካ ከአስተባባሪያችን ጋር የተለዋወጥኩት ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መርሐ ግብሩ የቀን ብቻ ነበር። ተርባይኖቹ ሲሠሩ፣ ወንዙም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሲወርድ እንለካለን፤ ሲመሽ መሣሪያችንን ሰብስበን እንመለሳለን።

የቀኑ ሥራ በጥንቃቄ ይሠራ ነበር። በወንዙ ወርድ የሜትር ገመድ ወጥረን ጥልቀትና ፍጥነት እንይዛለን። ውኃው ከ75 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥበት ቦታ የፍጥነት መለኪያው ከውኃው ገጽ ወደ ታች የጥልቀቱ 60 በመቶ ላይ ይጠመቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን 20 እና 80 በመቶ ላይ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። ከወለሉ ደግሞ 100 ድንጋዮች እየተነሡ ይለካሉ። ዓይን ትልልቁን ስለሚመርጥ፣ እጅ ከጫማ ጫፍ ፊት መጀመሪያ የነካውን ነው የሚያነሣው። ግድቡ ጠጠርና አሸዋውን ከኋላው ስለሚያስቀር ደለል ያጣው ውኃ ከታች ያለውን ደቃቅ ጠጠር ጠርጎ ወስዶታል፤ የቀረው እርስ በርሱ የተቆላለፈ ትልልቅ ድንጋይ ነበር። በጠጠር መካከል እንቁላል ለምትጥል ዓሣ እንዲህ ያለ ወለል አይመቻትም።

የግድቡ ጥበቃ ሠራተኛ «ሌሊት ተርባይኖቹ ሲዘጉ ብትመጡ በእግራችሁ ትሻገሩት ነበር» ሲለን ግን የለካነው የወንዙን ግማሽ ሕይወት ብቻ እንደሆነ ታየኝ። ወደ አስተባባሪው ሄድኩ።

«የሌሊቱ ምን ያደርጋል? የሚፈለገው አማካይ ፍሰት ነው» አሉኝ።

«ዓሣው ግን ሌሊትም እዚያው ነው» አልኳቸው።

«ዓሣ ይዋኛል። ውኃ ወዳለበት ይሄዳል» ብለው መዝገባቸውን ዘጉ።

ትልቁ ዓሣ አዎን፣ ይሄዳል። እንቁላል ግን አይዋኝም። ከእንቁላል የወጣች የዓሣ ጫጩትም መካከለኛው ጅረት ጠርጎ ስለሚወስዳት ውኃው ዝግ የሚልበትን ጥልቀት የሌለውን ዳር ትመርጣለች፤ ቀድሞ የሚደርቀውም ያ ዳር ነው። ግማሽ ቀን 60 ሳንቲ ሜትር፣ ግማሽ ቀን ባዶ የሆነ ቦታ በአማካይ 30 ሳንቲ ሜትር ይባላል፤ ለጫጩት ተስማሚ መኖሪያ ተብሎም ይመዘገባል። በዚያ ቁጥር ላይ ነው ውሳኔ የሚሰጠው!

ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሳይነጋ ወረድን። ቀን ጉልበታችን ድረስ የቆምንበት ቦታ ደረቅ ነበር። ድንጋዮቹ ላይ ያለው አረንጓዴ ልጋግ ገና ያብረቀርቃል። አንዱን ስገለብጥ የውኃ ነፍሳት እጮች ከሥሩ ተጣብቀው ተገኙ። አለፍ ብሎ የመታጠቢያ ሳፋ በምታክል ጉድጓድ ውስጥ ጫጩቶች ተጨናንቀው አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አውጥተው ያለከልካሉ፤ ከወንዙ የሚያገናኛቸው ጠብታ አልነበረም። ሙቀቱን፣ ኦክሲጅኑን፣ የውኃውን ጠርዝ ለክተን መዘገብን።

ያ መረጃ በሪፖርቱ የመጨረሻ አባሪ ላይ፣ ያለ አንዲት የማብራሪያ መስመር ገባ። ማጠቃለያው የአማካዩን ቁጥር ይዞ ወጣ።

ዛሬ እኔ በምመራው ሥራ ተርባይኑ የተከፈተበትና የተዘጋበት ሰዓት በቅጹ አናት ላይ ካልሰፈረ ልኬት አልቀበልም። ፍሰቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደተቀነሰም እጠይቃለሁ፤ ቀስ ብሎ ሲቀነስ ጫጩቶች ከዳር ለመሸሽ ጊዜ ያገኛሉና። አንዳንድ የግድብ ኃላፊዎች ሰዓቱን ሳያመነቱ ይሰጣሉ። የማይሰጡ ሲያጋጥሙኝ የውኃ ከፍታ መለኪያ ዘንግ ወንዙ ዳር ተክዬ ሌሊቱን ሙሉ በፈረቃ እናነባለን።