የእድሩ ኮምፒውተር

ትናንት ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አንድ ጎረምሳ አሸክመው ወደ ቤቴ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የእድሩን መዝገብ ለዓመታት በዚህ ኮምፒውተር ሲጽፉ የኖሩትም እርሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ሲፒዩ የሚለው ሳጥን ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ሞቶብኛል። ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፣ ፎርማት ካልተደረገ አይነሣም ብለውኛል፤ እስቲ አንተ እየው» አሉኝ።

ከእኔ በፊት ያዩት ባለሙያዎች ሳጥኑን አልከፈቱትም፤ የጎኑ ብሎኖች የለበሱት አቧራ አልተነካም ነበር። ፎርማት ማለት ፋይሎች የሚቀመጡበትን ሃርድ ዲስክ ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። የተሰጠው ምርመራም እርስ በርሱ የሚጣላ ነው፤ የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ ፎርማት ሊደረግ አይችልም፣ ፎርማት ሊደረግ የሚችል ሃርድ ዲስክም አልተቃጠለም። በዚህ ሙያ ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ልማድ ነው፤ ችግሩ ሳይጠየቅና ሳይታይ ፎርማት ይታዘዛል፣ ማሽኑ ይነሣል፣ ባለቤቱም ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል፤ የጠፋበትን ነገር የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ሲፈልገው ነው።

እኔም ይህን ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ተማሪ በቫይረስ የተጨናነቀ ኮምፒውተር አመጣችልኝ። ሲ የሚባለውን፣ ዊንዶውስ የተጫነበትንና ፎርማት የሚጠርገውን የሃርድ ዲስኩን ክፍል አስቤ «ሲ ላይ የምትፈልጊው ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «የለም፣ ጽሑፎቼ ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ናቸው» አለችኝ። እኔ «የለም» የሚለውን ብቻ ሰምቼ ፎርማት አደረግኩት። ዴስክቶፕ የሚባለው ራሱ ሲ ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር መሆኑን እርሷ የምታውቅበት ምክንያት አልነበረም፤ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፏን አጠፋሁባት፤ መልሼ ለማግኘት ሁለት ሌሊት ደክሜ ያተረፍኩት ከግማሹ ያነሰ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምን የምትፈልጉት ነገር አለ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ያለውን ሁሉ መጀመሪያ ገልብጬ አስቀምጣለሁ።

ስለዚህ ወደ ብሎን መፍቻዬ ከመሄዴ በፊት ቡና እየጠጣን ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ መቼ ነው የጀመረው? ከዚያ በፊትስ ምን ያሳይ ነበር?» ከሁለት ሳምንት በፊት ቤቱ ቀለም ሲቀባ ጠረጴዛው ከነኮምፒውተሩ ወደ ሌላ ክፍል መጎተቱን፣ ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ አልበራ ማለቱን ነገሩኝ። አያይዘውም ሌላ ነገር ተናገሩ፤ ስክሪኑ ከመጥፋቱ በፊት ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር 2009 ይል ነበር፣ እርሳቸውም በእኛ አቆጣጠር የተሞላ፣ ዓመቱ ግን ያልተለወጠ መስሏቸው ትተውታል። ኢንተርኔትም 2009 ማለት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አብዛኛውን ገጽ አልከፍትም ብሏቸው ነበር። አንድ ብልሽት የመሰላቸው ነገር ሁለት መሆኑን ሳጥኑ ሳይከፈት ከዚህ ጭውውት ተረዳሁ።

ስናበራው ማራገቢያው ዞረ፣ የፊቱ መብራት በራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ከውስጥም ረዘም ያለ ጩኸት እየተቆራረጠ ይሰማ ጀመር። ይህ ጩኸት በብዙ ማዘርቦርዶች፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች በሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች ላይ፣ ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ አልተገኘም ማለት ነው። ኮምፒውተር ሲነሣ መጀመሪያ ራሱን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ስክሪኑን የሚያበራውን ክፍል ይፈትሻል፤ ሃርድ ዲስኩን ዊንዶውስ ፍለጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሃርድ ዲስኩ ብቻ ቢሞት ኖሮ ቢያንስ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ባየን ነበር።

ገመዱን ከሶኬቱ ነቅዬ፣ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ፣ እጄን የሳጥኑን ብረት አስነክቼ ከፈትኩት። አቧራው በማራገቢያው ክንፎች ላይ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ሁለቱ ራሞች ከቦታቸው አልወጡም፤ አንደኛው ግን በአንድ ጫፉ የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ብሏል፣ መያዣውም አልገጠመም። ሁለቱንም አውጥቼ፣ ወርቃማ ጥርሶቻቸው ላይ የተጋገረውን ጥቁረት በተማሪ ላጲስ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያልኩ አሸሁት። ጥርሶቹ እንደ አዲስ እስኪያበሩ ድረስ አሽቼ፣ የላጲሱን ፍርፋሪ በደረቅ ብሩሽ አራገፍኩ። ከዚያ አንዱን ብቻ መልሼ መያዣዎቹ ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ተጫንኩት፤ አንድ በአንድ የሚሞከረው የታመመው ከጤነኛው እንዲለይ ነው። አበራነው፤ ስክሪኑ መጣ። ሁለተኛውም ሲጨመር መጣ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው «ተመስገን» አሉ።

ስክሪኑ ላይ የመጣው የመጀመሪያ ጽሑፍ ቀንና ሰዓት እንዳልተሞላ የሚናገር ነበር፤ ይኸው 2009። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም መሳይ ባትሪ አውጥቼ ስለካት፣ 3 ቮልት መስጠት የሚገባት ከ2.3 አላለፈችም። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷም 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። ሥራዋ መብራት በማይኖርበት ጊዜ ሰዓቱን ማስቆጠር ነው፤ ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ግን ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ሰዓቱ የሚያገኘው ኃይል ከፓወር ሳፕላይ ስለሆነ ባትሪዋ ታርፋለች። ጋሼ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳይመታባቸው ሁልጊዜ ማታ ዲቫይደሩን ያጠፋሉ፤ ደግ አድርገዋል፣ ብቻ ባትሪዋ በዚያው ምክንያት ቶሎ አለቀች። የኢንተርኔቱም ነገር ምክንያቱ ይኸው ነበር። አንድ ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ የገጹን የማንነት ምስክር ወረቀት ይመረምራል፤ ወረቀቱ ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ዘመኑን 2009 ብሎ ለሚያስብ ማሽን ዛሬ የተሰጠ ወረቀት ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት ስለሚሆን አይቀበለውም። ባትሪዋን ቀይረን፣ ቀኑን ሞልተን ገጾቹን ስንሞክር ያለ ምንም ቅሬታ ተከፈቱ።

ከዚያ የእድሩን ፎልደር ወደ እኔ ኮምፒውተር ገለበጥኩና አንዱን ፋይል ከፈትኩት። የአባላቱ ስም ዝርዝር ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ያለ ትርጉም ተደርድረው አገኘሁ። ጋሼ ደነገጡ፤ እኔም ፎርማቱ ቢደረግ ኖሮ ይደርስ የነበረውን ያን ጊዜ አየሁት። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የሚባለውን የግእዝ ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ፣ መጀመሪያ ይዞ የመጣው ቪስታ በሚባለው ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚጻፈው ቪዥዋል ግእዝን በመሳሰሉ፣ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የግእዙን ቅርጽ በሚስሉ ፎንቶች ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲኑ ፊደል መለያ ቁጥር ነው፤ «ሀ» ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ የነበረው ደግሞ በጋሼ ኮምፒውተር ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ፎንቶቹን በሚያኖርበት ፎልደር ነው፤ ፎርማት የሚጠርገው ይህንኑ ነበር። ፋይሎቹን በፍላሽ አትርፈው ቢሰጧቸው እንኳ፣ የማን ልጅ ሲሞት ስንት እንደተከፈለ፣ ማን የወር መዋጮውን እንዳጠናቀቀ የሚናገረው መዝገብ የማይነበብ ሆኖ ይቀር ነበር።

ፎንቶቹን ከማሽናቸው ገልብጬ እኔ ዘንድ ስጭናቸው ስሞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና ከላይ ጀምረው ዝቅ ባለ ድምፅ ያነቡ ጀመር፤ በየመሃሉ «ነፍሱን ይማር» እያሉ ይቆያሉ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት ብዙዎቹ የሉም።

ሃርድ ዲስኩን በመጨረሻ መረመርኩት፤ ጤነኛ ነው። ሙሉ ግልባጩን በሁለት ፍላሽ አድርጌ፣ አንዱ በእድሩ ሰብሳቢ ቤት እንዲቀመጥ ተስማማን። ባትሪዋ የተቀየረችበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በሳጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የቀረው መዝገቡን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ መለወጫው ፕሮግራም አንዳንድ ፊደል ስለሚያሳስት እያንዳንዱን ስም ከነአባቱ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ጋሼ ቅዳሜ ከጸሎት መልስ ይመጣሉ፤ እርሳቸው ያነባሉ፣ እኔ አርማለሁ።