የፕላስቲክ ሽጉጥ

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ለገና ሽጉጥ ካልገዛሽልኝ ብሎ አለቀሰ፤ ከመርካቶ የፕላስቲክ ገዛሁለት። ማታ ግንባሬ ላይ ደግኖ "ድው!" ሲለኝ ግን ክው አልኩ።

ያደግኩት ጎጃም ነው። ምሰሶው ላይ የአያቴ ምንሽር ይንጠለጠል ነበር፤ ማንገቻው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሲወለውለው አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጥይቶቹን አውጥቶ መዳፌ ላይ ያስቆጥረኛል፤ 5 ናቸው። አፈሙዙ ግን ወደ ሰው ዞሮ አያውቅም። አንዴ ወንድሜ በሸንበቆ ቢያነጣጥርብኝ እንኳ ከዘራውን ቀመሳት።

እናም የልጄን አልቀማሁትም። "ወደ ሰው ከዞረ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል" አልኩት። እስካሁን የሞተችው ድመቷ ብቻ ናት፣ ያውም ስድስት ጊዜ።