የእመጫቷ ሞግዚት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት። መብራት የለም፣ ዝናቡም አላባራም። ጭኔ ላይ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ቡችላ አለ። ሲነኩት እንደ ድንች ቀዝቃዛ ነው። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነው የምጽፈው።

ጥፋቱ የወንድሜ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ዶሮም ንብም ሞክሮ የተወ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ውሻ። ሁለት ወር ሙሉ "ፈረንጅ ውሻ እኮ ናት" እያለ ቡችላ ሳይሆን ብር ሲቆጥር ከረመ። ስምንት ወለደችለት። በአራተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ፊልድ ወጣ። እኔ ቀረሁ።

በማግስቱ አንዱ የኋላ ጡቷ ደነደነ፣ ቀላ፣ ጋለ። ቡችሎቹ ገና ሲጠጉት ብድግ ትላለች፣ እነሱም መሬት ለመሬት እየተንከባለሉ ይንጫጫሉ። እኔ ደግሞ "ምን ዓይነት እናት ነሽ!" ብዬ ተቆጣኋት። ሐኪሙ መጥቶ ያንን ጡት ጫን ሲያደርገው የወጣው ወተት አልነበረም፣ መግል ነው። በዚያ ጡት ላይ ስምንት አፍ ሲሻማበት እኔስ ብሆን እነሳ የለ? መድኃኒት ሰጣት። ለእኔም ሥራ ሰጠኝ፤ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጎ ቀስ እያሉ ማለብ፣ በቀን ብዙ ጊዜ።

ወንድሜ በእርግዝናዋ ጊዜ ካልሲየም ሲያበላት እንደከረመ ስነግረው ሐኪሙ ራሱን ያዘ። ለካ እርጉዝ ውሻ ካልሲየም ከውጭ ሲበዛላት ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷ ማውጣቱን ይለግማል። ወልዳ ወተቱ ሲመጠጥ ደሟ ውስጥ ያለው ያልቅና ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯ ይገተራል፣ ቶሎ ካልተደረሰላት ትሞታለች። "በብዛት ትንንሾቹን ዘሮች ነው የሚይዘው፣ አትጨነቂ" አለኝ። አልሰማሁትም። ሦስት ቀን ሆነኝ እግሯን ሳይ።

ጭኔ ላይ ያለው የመጨረሻው ነው፣ ከሁሉ ያነሰው። ሲወለድ 310 ግራም ነበር፣ ዛሬ ማታ 295። (የመዘንኩት በእማዬ የበርበሬ ሚዛን ነው። እባካችሁ እንዳትነግሯት።) ሌሎቹ በየቀኑ ሲጨምሩ እሱ ይቀንሳል። መጀመሪያ ቀን የላስቲክ ወተት ገዝቼ፣ እንደ ሰው ልጅ በጀርባው አንጋልዬ በሲሪንጅ ልግተው ስል ሐኪሙ ጮኸብኝ። የላም ወተት ለእነሱ ውሃ ነው፤ የውሻ ወተት ቅባቱም ፕሮቲኑም ከእጥፍ በላይ ነው። በጀርባው ከተንጋለለ ደግሞ ወተቱ ሳንባው ይገባል፣ በሆዱ ተኝቶ ነው የሚጠባው። ከሁሉ በፊት ግን መሞቅ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳ አይችሉም፣ ብርዱን ዝም ብለው ይቀበሉታል። የቀዘቀዘ ቡችላ ሆድ ደግሞ የገባለትን አይፈጭም። ስለዚህ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በነጠላው ሥር አድርጌለታለሁ። ሐኪሙ ያመጣልኝ የዱቄት ወተትም ተበጥብጦ አጠገቤ እየጠበቀ ነው።

ትናንት ማታ እማዬ ማድ ቤት ድረስ መጣች። "ውሻ ቤቴ አይገባም" ስትል ያደግኩባት እማዬ። በእጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። አጥሚት!

"ለእመጫት ነው" አለች፣ እኔን ሳታየኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ያንን ጡት አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። "ያማል" አለች። ቆይታ ደግሞ፦ "የኔ ግራው ነበር።"

ይኸው ነው። ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች።

የጡት እናት እንዳለችኝ ሁልጊዜም አውቃለሁ። እትዬን የድሮ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃታል። የኔን እኩያ ልጇን በአንዱ፣ እኔን በሌላው ጡት ይዛ ነው ያሳደገችኝ። ስሟገታት "የኔ ወተት ነው የሚያናግርሽ" እያለች ትስቅ ነበር። ድሮ ትልቅ ሰው እንኳ አውራ ጣት በማር ነክሮ እየጠባ የጡት ልጅ ይሆን ነበር ይባላል፤ የኔ ማር አይደለም፣ የእውነት ወተት ነው። ግን ለምን እንደሆነ በ32 ዓመቴ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ጉርብትና ነው ብዬ ነበር። ግራው ቆስሎ፣ እያለቀሰች፣ ልጇን ለሌላ ሴት ስታቀብል አስቤያት አላውቅም። ቂም ይዛባት ይሆን? ወይስ እፎይ ብላ ይሆን?

ሰፈሩ ፈርሶ ሁሉም ሲበተን እትዬ ኮዬ ፈጬ ደረሳት። ለመጨረሻ ጊዜ የደወልኩላት ለፋሲካ ነው። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እማዬስ ትደውልላት ይሆን? ነገ ልጠይቃት? ብጠይቃት "ሥራ የለሽም?" ነው የምትለኝ።

ሐኪሙ ሲወጣ አንድ ነገር ብሎኛል። ሌላ የምታጠባ ውሻ ከተገኘች ትንሹን ከእሷ ቡችሎች ጋር አሻሽቶ፣ ጠረናቸው ሲይዘው ማስጠጋት ይቻላል። አለች እኮ፣ ከሱቁ ጀርባ ቆርቆሮ ሥር ባለፈው ሳምንት የወለደች የሰፈር ውሻ። ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። "አብደሻል? የፈረንጅ ውሻ ከሐበሻ ውሻ ጡት!" አለኝ። በሽታ ትጥልበታለች ቢለኝ እሺ፣ የዘር ነገር ነው ያስጨነቀው።

እኔም "የጡት ልጅ መሆን ነውር ነው እንዴ?" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ለውሻ ተሟግቼ። ከዚያ ደግሞ ለእትዬ ልደውል ብዬ ቁጥሯን ብፈልገው በአሮጌው ስልኬ ቀርቷል። እማዬን "የእትዬን ቁጥር ስጪኝ" ማለት ደግሞ ያው መጠየቅ ነው።

ኧረ! ቡችላው ሞቆ አፉን እየከፈተ ነው።

ወተቱ ግን ቀዝቅዟል። ስለ ጡት ስጽፍ።