አዲስ የገዛችሁት አሮጌ መኪና ደንገጎ ላይ ሲፈላ

ድሬዳዋ የታመመ መኪና ለመሸጥ የምትመች ከተማ ናት። ከከዚራ እስከ ሳቢያን መንገዱ ሜዳ ነው፤ ደላላው ገዢውን ጭኖ አንድ ዙር ሲያዞረው ሞተሩ ጤነኛ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ከተማው 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጧል፤ ዳገቱ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ያወጣል፣ ያውም በ2ኛ ማርሽ፣ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ። ከመግዛት በፊት ዳገቱን ማስወጣት ነበር የሚሻለው። ይህን የምታነቡት ግን ብሩ ከተከፈለ በኋላ ይመስለኛል።

የሙቀት ጌጁ ከመሃል ማለፍ ሲጀምር ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በድሬ ሙቀት ቅጣት ነው፤ ነገር ግን ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ሌላም ነገር ይነግራችኋል፦ ጌጁ ወደ ላይ ወጥቶ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ውሃው አልቋል፤ ሞተሩን እዚያው አጥፉ። እስከ ቀጣዩ መንደር ልድረስ ተብሎ የሚነዳው ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሲሊንደር ሄድ) የሚያጣምመው።

ካጠፋችሁ በኋላ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቁ። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎም አይፈላም። ክዳኑ በተነሳ ቅጽበት ግን ግፊቱ ይጠፋል፤ ደንገጎ ጫፍ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በአንዴ ፊት ላይ ይገነፍላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም የአሉሚኒየም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ጋራዥ ስትደርሱ የመካኒኩ የመጀመሪያ ቃል «ሞተር ይውረድ» ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ርካሹ ነገር መጀመሪያ ይታያል። የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ 0.9 ወይም 1.1፣ አይታችሁ በዚያው ልክ ቀይሩ። የራዲያተሩ ፋን በራሱ ጊዜ ይነሳል? ሻጩ ዳሽቦርድ ሥር ማብሪያ አስቀምጦ ፋኑን በቀጥታ ካሰረው፣ መኪናው ከእናንተ በፊትም ይፈላ ነበር ማለት ነው። ቴርሞስታቱ፣ ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር መንገዱን የሚከፍተው ቫልቭ፣ አለ? «ለኛ አገር ሙቀት አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ መጣል የቆየ የጋራዥ ልማድ ነው፣ ስህተትም ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጎኑ አቋራጩን መስመር ይዘጋል፤ ሲወጣ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ይዞራል። ሐረር ላይ በጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል።

የራዲያተሩ መደፈን እኛ ዘንድ የራሱ ምክንያት አለው። የድሬ የቧንቧ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አስቡ። ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በመዳፍ ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ ዳስሱት፤ መሃሉ ቀዝቅዞ ዳሩ የሚግል ከሆነ ተደፍኗል። ካጸዳችሁት ወይም ከቀየራችሁት በኋላ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ የባትሪ ውሃ ሙሉ። የባትሪ ውሃ ስል አሲዱን አይደለም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ውሃው ከቀነሰ ወደ ጋስኬት እንሂድ፣ በቴስታታውና በታችኛው የሞተር አካል (ብሎክ) መሃል ያለው ማሸጊያ፣ የድሮ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት። ምርመራው ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ነው። ክዳኑን ክፈቱ፣ ውሃውን እስከ አፉ ሙሉ፣ አስነሱ። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ የታፈነ አየር ሊሆን ይችላል፤ ከ5 ደቂቃ በኋላም ሳያቋርጥ ከተንተከተከ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሲነሳ የራዲያተሩ የላይኛው የውሃ ቱቦ ገና ሳይሞቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ያው ነው። ካንዴላዎቹን ስታወጡ ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ እንደታጠበ ከነጣ፣ ውሃ የሚጠጣው ሲሊንደር እሱ ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ መኪናውን ከቦታው አታንቀሳቅሱት፤ ውሃ ያለበት ዘይት ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ለስላሳ ብረት) ይበላዋል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን የሚያፍንበት ግፊት፣ በጌጅ ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የካንዴላ ኮይሉና የኢንጀክተሩ ሶኬት ተነቅሎ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ፣ ጤነኛ ባትሪ ባለው ሞተሪኖ (ማስነሻ) ይዞር። በቪትዝና በኮሮላ ላይ የሚገኘው 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ሞተር በመመሪያው 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይሰጣል፤ ዝቅተኛው 156 ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ14 መብለጥ የለበትም። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 213ቱ ለባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው። ድሬዳዋ ላይ አየሩ በ13 በመቶ ያህል፣ ሐረር ላይ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ድሬ ላይ 185፣ ሐረር ላይ 170 ያነበበ ሞተር ጤነኛ ነው፤ «ኮምፕሬሽን የለውም» ተብሎ መውረድ የለበትም። የሚያሳስበው ልዩነቱ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ጋስኬቱ በመሃላቸው ተበጥሷል። አንዱ ብቻ ከወደቀ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻ (ሪንግ)፣ ባለበት ከቀረ ቫልቭ ወይም ጋስኬት ነው።

ጋስኬት ከሆነ ሞተር አይወርድም፤ ቴስታታው ብቻ ይነሳል። ብሎኖቹ የሚፈቱት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ከዳር ወደ መሃል ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት) ሄዶ በቀጥ ያለ ብረትና በስፔሶሜትር (ቀጭን የክፍተት መለኪያ) ይለካ፤ ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው ጠማማነት 0.05 ሚሊሜትር ነው። ከመላጡ በፊት በግፊት ይፈተን፤ የተሰነጠቀን ቴስታታ መላጥ ገንዘብ መጣል ነው። የብሎኩን ፊት በሚሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት የሚያጸዳ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፤ ብናኙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚን ይፍቃል። የብሎን ቀዳዳዎቹ በአየር ይነፉ፤ ውሃ ወይም ዘይት የቀረበት ቀዳዳ ብሎኑ ሲገባ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጋስኬቱ ላይ ሲሊኮን አይቀባም። 10ሩ ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይጠብቃሉ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ካለ የቶርክ ቁልፍ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡለት።

ዘይት መብላት ሌላ በሽታ ነው፤ ለዚህም ደንገጎ ጥሩ መካኒክ ነው። ቁልቁለቱን ነዳጅ ሳትረግጡ በማርሽ ያዙትና ታች ስትደርሱ ርገጡ። በዚያች ቅጽበት ሰማያዊ ጭስ ብው ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚከለክለው ጎማ) ነው፤ ወጪው ቀላል ነው። ዳገቱን ሲወጣ ሳያቋርጥ ካጨሰ ፋሻ ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ 1.8 ኮሮላዎች ላይ ያለው 1ዜድዜድ ሞተር በዚህ ይታወቃል፤ ፒስተኑ ላይ ያለው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል። በ1,000 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር በላይ ከበላ መታደስ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ፣ እኔ ብሆን ዘይት እየጨመርኩ እነዳዋለሁ።

ቁልፉ ሲከፈት የዘይት መብራቱ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል። ሲሞቅ ከሥር የሚያንኳኳ ሞተር ከሆነ ብሮንዚኑ አልቋል፤ በጭነት መኪና እንጂ በራሱ ጎማ ወደ ጋራዥ አይሂድ።

ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግዛት አንዳንዴ ከማደስ ይረክሳል። የሞተር ቁጥሩ ግን ሊብሬ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) የሌለውን ሞተር ካስገባችሁ ኋላ ቦሎ ስትጠይቁ ጣጣ ይመጣል። ሻጩን ለመጠየቅ ያሰበ ደግሞ አይቆይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምር፣ ጉድለቱንም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን፣ የኮምፕሬሽኑን ቁጥር ያካትት፣ ሞተሩም ከመፈታቱ በፊት ይድረሰው።

ከጥገናው በኋላ ውሃ የነካው ሞተር ዘይቱ በ500 ኪሎ ሜትር እንደገና ይቀየር፤ ለ1ኤንዜድ ከነፊልትሩ 3.7 ሊትር ነው። የመጀመሪያውን ደንገጎ በጠዋት ውጡ። ጫፉ ላይ ስትቆሙ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ሁለት ደቂቃ ይሥራ። ቶሎ ከጠፋ ውሃው መዞር ያቆምና ሙቀቱ ሁሉ ቴስታታው ውስጥ ይቀራል።