የኩላሊት ጠጠር የት ይቀረቀራል? የአንድ ሥዕል አሠራር

ሰላም ወዳጆች፣ የሕክምና ሥዕል ልምምዴ ቀጥሏል፤ ሰሞኑን የያዝኩት የኩላሊት ጠጠርን ነው። እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ሥዕሉ የሚመልሰውን ጥያቄ ወሰንኩ፦ ጠጠሩ ሲወርድ የት የት ሊቀረቀር ይችላል? ይህ እንደተወሰነ አንጀቱም ጉበቱም ከገጹ ወጡ። አከርካሪውን ግን በስሱ ተውኩት፤ እሱ ከሌለ ዓይን ከፍታን የሚለካበት ያጣል፣ ቀኙ ኩላሊት ከግራው ዝቅ ማለቱም አይታይም።

ከባዱ መጠኑ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሆዱን በሙሉ ኤ4 ወረቀት ላይ ሳሳንሰው ቱቦው ክር ይሆናል። ስለዚህ አካሄዱን እንዳለ ትቼ ሦስቱን ጠባብ ቦታዎች ከጎን በክብ ውስጥ አጎላኋቸው፦ ከኩላሊት የሚወጣበት፣ ዳሌ ጋ ሲደርስ ትልልቆቹን የደም ሥሮች የሚሻገርበት፣ ፊኛ ውስጥ የሚገባበት። ጠጠሩን በሦስቱም ክቦች በእኩል መጠን ሳልኩት፤ የሚለወጠው መተላለፊያው ብቻ እንዲሆን።

ስለ ማክስ ብሮዴል ማንበቤ ብዙ ጠቅሞኛል። በ1894 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ወደ ባልቲሞር ሄዶ በጆንስ ሆፕኪንስ ለሐኪሞች የሳለ፣ በ1911 እ.ኤ.አ. በዚያው የተቋቋመውን የሕክምና ሥዕል ትምህርት ክፍል የመራ ሰው ነው። ኩላሊትን ሲስል የደም ሥሮቹን አከፋፈል ራሱ መርምሯል፤ ትልልቅ የደም ሥር የማያልፍበት የኩላሊት መስመር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔም የቱቦውን መንገድ በቃሌ እስክናገረው ድረስ ቀለም ያልነካሁት እሱን አይቼ ነው።

ረቂቁን ለጎረቤታችን አሳየኋቸው። «እትዬ፣ ጠጠሩን በጣትዎ እያወረዱ ያሳዩኝ» ስላቸው ሁለተኛው ጠባብ ቦታ ላይ ጣታቸው ወደ ደም ሥሩ ታጠፈ። ቱቦው የሚያልፈው ከደም ሥሮቹ ፊት ለፊት ነውና፣ መሻገሪያው ላይ የደም ሥሩን ጠርዝ ግራና ቀኝ ትንሽ ቆረጥ አደረግኩት። ሁለተኛ ሲሞክሩ ሳያመነቱ ፊኛ ደረሱ። ከሥዕሉ ሁሉ የምወደው ይህችን ክፍተት ነው።

አሁን የቀረኝ የፎቶ ኮፒው ጉዳይ ነው። ወረቀቱ ሲባዛ ቀዩ ደም ቅዳና ሰማያዊው ደም መልስ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ለደም ቅዳው ወፍራም ጠርዝ፣ ለደም መልሱ አግድም ጭረት እየሞከርኩ ነው፤ ጭረቱ ከተጠጋጋ ግን ኮፒው ላይ ይጠቁራል። በጥቁር ብቻ የምትሠሩ፣ ለደም መልስ ምን ዓይነት ጭረት ትጠቀማላችሁ?