የእማዬ ሌሊት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ብሶኝ ዋለ። የተለየ ነገር ተፈጥሮ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በትንሹም በትልቁም ይከፋዋል። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ጠጋ በሉ እስቲ" ሲል ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ እንዴት እንደሸሸኝ ከዚህ በፊት ስላወራሁ አልደግመውም። ሐኪሙ መርምሮኝ ጤነኛ ነሽ አለ። ወደ መድኃኒት ከመሄዳችን በፊት ሌላ ሌላውን እንሞክር ተባባልን። መጀመሪያ የተነካው ቡናዬ ነው። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 10 ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር የጠጣሁት ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ገና ውስጤ አለ ማለት ነው። የከሰዓቱን ተውኩት። ከቡናው በላይ የናፈቀኝ ጨዋታው ነው።

ቀጥሎ ዮጋ መጣ። ያስጀመረችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። የትም አልሄድም፤ ቤቴ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቼ፣ ትልቁን መብራት አጥፍቼ ነው የምሠራው። ላብ በላብ የሚያደርገው ዓይነት አይደለም። በጣም የምወደው ቪፓሪታ ካራኒ የሚሉትን ነው። መቀመጫን ከግድግዳ አስጠግቶ በጀርባ መተኛት፣ እግርን ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ መስቀል፣ በቃ። ከዚያ ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ልብ አየር ስናስገባ በትንሹ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትዘገያለች። ረዥም አድርጎ ማስወጣት ደስ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ትከሻዬ ሲወርድ ይታወቀኛል።

እንቅልፉስ ትሉኝ ይሆናል። አንዳንድ ቀን ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን አሁንም 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል። የተለወጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ድሮ ስልኬን አነሳለሁ፤ ሊነጋ ስንት ሰዓት ቀረው እያልኩ አሰላለሁ፤ ነገ ሥራ ላይ ምን ልሆን ነው እያልኩ እብሰለሰላለሁ። አሁን ከአልጋ እወርዳለሁ። ሐኪሞቹም እንቅልፍ እምቢ ሲል አልጋ ላይ መገላበጡን አይመክሩም። አልጋና ጭንቀት እንዳይላመዱ ተነሱ ይላሉ።

ትናንት ሌሊትም ወረድኩ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ባላሳና ይሉታል፤ የሕፃን አተኛኘት ማለት ነው። እንደዚያ እንዳለሁ እማዬ ድንገት ትዝ አለችኝ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። በዚያ ብርድ እማዬ ሌሊት ትነሳ ነበር። ጋቢዋን ደርባ፣ ጧፏን አብርታ ዳዊቷን ትደግማለች። ከዚያ ትሰግዳለች። በእንቅልፍ ልቤ ሰሌኑ ሲንኮሻኮሽ፣ "እግዚኦ መሐረነ" ስትል ይሰማኝና ዞር ብዬ እተኛለሁ። እማዬ ጸሎተኛ ናት፤ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነበር። ጎረቤቱም እንዲሁ ነው የሚላት።

ግን መቼ ነው የጀመረችው? ትናንት እዚያው ምንጣፉ ላይ ሆኜ ሳስበው ሳስበው፣ አባታችን ካረፈ በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሱዳን በኩል ከአገር የወጣ ጊዜ ደግሞ ባሰባት። ያኔ ጧፉ እስኪነጋ ይበራ ነበር። የቤት ኪራዩ አለ፣ የእኛ ትምህርት አለ፣ ድምፁ የጠፋ ልጅ አለ። ማን ይህን ሁሉ ታቅፎ ይተኛል?

ቀን ቡና ስታፈላ ጀበናው እስኪገነፍል ታንቀላፋ ነበር። እኛ እንስቅባት ነበር። ጸሎትና እንቅልፍ ማጣት በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ልጅ ከየት ያውቃል?

ጸሎቷን ማሳነሴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት መሃል ከመኝታ በፊት ጸሎተ ንዋምን፣ ከዚያ የመንፈቀ ሌሊቱን ሠርታለች። ሰው ይተኛል፣ ተነስቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሮጀር ኢከርች የተባሉ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁርም እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የድሮ አውሮፓውያን ሌሊቱን ለሁለት ከፍለው ይተኙ እንደነበር ጽፈዋል። በመሃሉ ይነቃሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያወራሉ። ይህን ያነበብኩ ቀን ቀለል ብሎኝ ነበር። ሌሊት መንቃት ብቻውን በሽታ ላይሆን ይችላል። ቀን ጀበና ሥር የሚጥል ድካም ግን ሌላ ነው።

አንዷ ጓደኛዬ ዮጋው ያሰጋታል። ከሕንድ እምነት ጋር የተያያዘ ነው ትለኛለች። ሥሩ እዚያ መሆኑ እውነት ነው፤ ስጋቷንም አከብራለሁ። እኔ ግን ግንባሬ መሬት ሲነካ አፌ ላይ የሚመጣው የእማዬ "እግዚኦ" ነው። ይህን ለጓደኛዬ እንዴት እንደማስረዳት ገና አላገኘሁትም።

እማዬን ልጠይቃት እፈልጋለሁ። እሁድ ስደውልላት፣ "ያኔ ሌሊት ትነሺ የነበረው እንቅልፍ እምቢ ብሎሽ ነው?" ልላት። ደግሞ አውቃታለሁ። "ምነው ልጄ፣ አትተኚም እንዴ?" ትለኛለች። ስልክ ላይ ሳል ከሰማች ሳምንቱን ሙሉ የምትደውል እናት ናት። ታላቅየው ደህና ገብቶ፣ ሥራ ይዞ፣ አሁን ገና ትንሽ እፎይ ብላለች። እህቴን እንዳልጠይቅ ደግሞ ለእማዬ ሳትነግራት አታድርም።

እኔ እንደማልተኛ ሳታውቅብኝ እንዴት ብዬ ልጠይቃት?